ሬሕማ፣ የሐጃ በቱል ሾፌር

ሬሕማ ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ከገባች አሥር ዓመት አልፏት እንኳ ዓባይን ያየችው አራት ጊዜ ብቻ ነበር። አራቱንም ጊዜ ያየችው ካርቱሞች ሐፍላ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ፣ ድልድዩ እስኪያልቅ ድረስ በሰው ትከሻ መካከል ነው። ሁለቴ ኢቃማዋን፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቷን ለማሳደስ፣ አንዴ ጥርሷን ለማስነቀል፣ አንዴ ደግሞ ቡሪ ሰፈር የአገሯ ልጅ ሞታ ለቅሶ ለመድረስ። የቀረው ጊዜዋ ያለፈው ካፉሪ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው።

ግቢው ከፍቶባት አልነበረም። ይህን ስትነግረኝ ደጋግማ ታነሳዋለች። ከከሚሴ አጠገብ ካለች ገጠር በሃያ አንድ ዓመቷ ወጥታ፣ መጀመሪያ ኦምዱርማን ዘጠኝ ሰው ያለበት ቤት ገብታ፣ አሳሯን በልታ ነበር። ከዚያ በአንዲት የአገሯ ልጅ አማካይነት ካፉሪ፣ ሐጃ በቱል ቤት ስትገባ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ቁልፍ አገኘች። ሐጃ ሲቆጡ እንኳ ስሟን ሳይጠሩ አይቆጡም። ችግሩ ሌላ ነበር። ካፉሪ የሀብታም ሰፈር ነው፤ አጥሩ ረጅም፣ መንገዱ ጭር ያለ። ዳቦ የሚያመጣው ሰው በር ያንኳኳል፣ አትክልቱም በር ድረስ ይመጣል። ሰው ሳያስበው እዚያው ይከርማል።

ሐጃ በቱል በዚያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ባለቤታቸው ኢስሐቅ የደን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሬሕማ ቤቱ ሳትገባ ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ተውፊቅ ዶሃ ይሠራል፤ በየማታው ይደውላል። የሐጃ ጉልበት በጣም ደክሟል፤ ከሳሎን በረንዳ ለመድረስ ምርኩዝና የሬሕማ ክንድ ያስፈልጋቸዋል። ዓይናቸውና አፋቸው ግን ምንም አልሆኑም።

ግቢው ውስጥ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ የኢስሐቅ ነጭ መኪና ቆማለች። አሮጌ ናት፤ ቀለሟ ጣሪያዋ ላይ ተላልጧል። ሐጃ በወጣትነታቸው ራሳቸው ይነዷት ነበር፤ አሁን ግን እግራቸው ፍሬን መርገጥ አይችልም። ስለዚህ ሾፌር ቀጠሩ። የመጀመሪያው በአንድ እጁ ስልክ እያወራ ይነዳል፤ ሳምንት አልቆየም። ሁለተኛው ይከንፋል። ሦስተኛው ደህና ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሐጃ ወንዝ ዳር ውሰደኝ ሲሉት፣ «ሐጃ፣ በእርስዎ ዕድሜ ቤት መቀመጥ አይሻልም?» አላቸው። በር ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ተቀበሉትና፣ በል ደህና ሁን አሉት።

በነጋታው ጠዋት ሬሕማ ግቢ ስትጠርግ ጠሯት።

«መጥረጊያውን አስቀምጪና ቁልፉን አምጪ።»

አመጣች።

«ግቢና ተቀመጪ። በዚያ በኩል አይደለም፤ በመሪው በኩል።»

«ሐጃ፣ እኔ ብስክሌት እንኳ ነድቼ አላውቅም» አለች ሬሕማ።

«ብስክሌት ይወድቃል። ይቺ አራት እግር አላት። ያላ፣ ግቢ።»

የመጀመሪያውን ሳምንት ሞተር ማስነሳትና ማጥፋት ብቻ ነበር ሥራዋ። ሐጃ ከጎኗ ተቀምጠው በምርኩዛቸው ጫፍ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሹን እየነኩ ያሳያሉ፤ ከዚያ ልክ እንደ ተማሪ ይጠይቋታል። ሁለተኛውን ሳምንት ከኒሙ ዛፍ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ኒሙ ዛፍ። በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተከፈተና ከግቢ ወጡ፤ ወጥተው አሥር ሜትር ሳይሄዱ መኪናዋ ከአጥሩ ጥግ ከቆመው ዚር ጋር ተላተመች። ዚር ማለት የሱዳን ሰው ለመንገደኛ ብሎ በር ላይ የሚያስቀምጠው ትልቅ የሸክላ የውኃ ማሰሮ ነው። ማሰሮው ተሰነጠቀ፤ ውኃው መንገዱን ሞላው።

ሬሕማ ከመኪናው ወርዳ አለቀሰች። ዚሩን ለኢስሐቅ ነፍስ ብለው ያስቀመጡት ሐጃ እንደሆኑ ታውቃለች።

«በቃኝ» አለች። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፤ ወጥ ቤቴን ልያዝ።»

ሐጃ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «እኔ በመጀመሪያው ወር የትምህርት ቤቱን የብረት በር ነው የገጨሁት። አራት መቶ ተማሪ እያየኝ። ከሰዓት በኋላ እዚያው ገብቼ አስተምሬአለሁ። ነገ ሌላ ዚር እንገዛለን፤ አሁን የኋላ ማርሽ አስገቢ።»

በዚህ መሐል ነው ገዛኸኝ የገባበት። ገዛኸኝ የጎንደር ሰው ነው፤ ቡሪ ይኖራል፤ አምጃድ የምትባለውን ትንሽ የታክሲ መኪና ሲነዳ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሐጃን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው እሱ ነበር። ያን ቀን ሊወስዳቸው ሲመጣ የተሰበረውን ዚር አየ፤ የሬሕማን ፊትም አየ።

«ማን ገጨው?» አለ።

«እኔ።»

«ጥሩ ነው፤ ከሰው ይልቅ በማሰሮ መጀመር» አለና ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጃን ይዞ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት ይሰጣታል። ሐጃ ሕጉን ነው ያስተማሯት፤ ገዛኸኝ ደግሞ መኪናዋን። «እጅሽን አታይው፤ ሞተሩን ስሚው» ይላታል። «ሲያቃስት ከበደኝ እያለሽ ነው፤ ማርሽ አውርጂለት። ሲጮህ ደግሞ አሳድጊለት። ሰውም እንደዚያው ነው፤ አንቺ ይኼን ታውቂያለሽ።» በአማርኛ ሲነግራት ነገሩ ሁሉ ቀለላት። ወጥ ሲገነፍል ሳታይ የምትሰማ ሴት ናትና፣ ሞተሩን መስማት ቶሎ ገባት።

ሩክሳ ለማውጣት፣ ማለት መንጃ ፈቃዱን፣ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ሐጃ አብረው ሄዱ። ፈታኙ መኮንን ወረቀቷን አገላብጦ አየና ሐጃን፣ «ሾፌር አጥተው ነው?» አላቸው።

«አግኝቻለሁ» አሉ ሐጃ። «አንተ ፈትናት።»

የመጀመሪያውን ጊዜ ወደ ኋላ ስትነዳ ምልክቱን ነክታ ወደቀች። በሁለተኛው አለፈች። የዚያን ማታ ተውፊቅ ከዶሃ ሲደውል ሬሕማ ሻይ ይዛ በር ላይ ነበረች፤ ድምፁ እስከ እሷ ድረስ ይሰማል።

«እማዬ፣ ያምሻል እንዴ? ሠራተኛዋ ትንዳሽ?»

«ምግቤን ከእጇ እበላለሁ፤ መድኃኒቴን ከእጇ እውጣለሁ። መሪው ከዚህ በምን ይበልጣል?» አሉት ሐጃ።

ተውፊቅ ሌላም ብዙ አለ። ሐጃ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሻያቸውን ጠጡ፤ እሱ እስኪጨርስ።

ለሬሕማ ግን አንድ ነገር አልገባትም ነበር። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሆነ። ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናሙ አልፎ አየሩ ለስለስ ሲል፣ ሐጃ ነገሯት። ኢስሐቅ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ በዚህ ወቅት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ በዚያችው መኪና አንድ ቀን ሙሉ ይሄዱ ነበር። ከካፉሪ ተነሥተው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ መጀመሪያ ነጭ ዓባይ ዳር ወዳለው የሰንጥ ጫካ። ሰንጥ የሚሉት ግራሩን ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ እስከ ጀበል አውሊያ። እዚያ ግድቡ ያቆመው ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ አጠገብ ደግሞ ተራራው። ኢስሐቅ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልወሰዳቸውም፤ ለማያውቁት ሾፌር ደግሞ ይህን መንገድ መስጠት አልፈለጉም።

«ጫካም፣ ተራራም፣ ሐይቅም በአንድ ቀን» አሉ። «ከካርቱም ሳትርቂ። ሰው አያምንም።»

ዐርብ ጠዋት ሆነ። ዐርብ መንገዱ ባዶ ነው። ሬሕማ ከሱብሂ ስግደት በኋላ እንቁላል ቀቀለች፤ ዳቦ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ የሐጃን የደም ግፊት ኪኒን፣ ሁለት ትራስ አሰናዳች። የምትለብሰውን ስታማርጥ ቆየችና የዒድ ልብሷን ለበሰች። ገዛኸኝ አምጃዱን ይዞ በር ላይ ጠበቃቸው፤ ድልድዩን እስክትሻገር ከኋላዋ ሊከተላት።

ኩበር ድልድይ ላይ ስትወጣ መሪውን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከሥሯ ወንዙ እንዳለ ታውቃለች፤ አንገቷን ልታዞር ከጀለች።

«አትይው» አሉ ሐጃ። «አንቺ መንገዱን እይ። ወንዙን እኔ አይልሻለሁ።»

ከዚያም እንደ ክፍል ውስጥ ይነግሯት ጀመር። «ቡናማ ነው ዛሬ። ሞልቷል። የአንቺ አገር አፈር ነው ይህ የምታዪው፤ ይቅርታ፣ የማታዪው። መሐል ላይ ደሴቲቱ አረንጓዴ ሆናለች። አንድ ሰው ታንኳ ላይ ቆሞ መረብ ይስባል። አሁን ቀስ በይ፤ ከፊት አደባባይ አለ።»

ቡሪ ላይ ገዛኸኝ ጎኗ መጥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ከዚህ ወዲያ የራስሽ ነው፣ እኅቴ። አላህ ይከተልሽ» አላት። እሱ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ነው፤ ለሷ ሲል ግን አላህ አለ። አንዴ ክላክስ ነፋና ታጠፈ። ሬሕማ በስፖኪዮው አምጃዱ እስኪጠፋ አየችው።

በወንዙ ዳር መንገድ አድርገው፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን አልፈው ወደ ሰንጡ ጫካ ገቡ። ነጭ ዓባይ ሞልቶ ወደ ጫካው ገብቷል። ግራሮቹ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ ግንዳቸው ጥቁር፣ ቅጠላቸው አረንጓዴ፣ ከሥራቸው ደግሞ ሌላ ግራር ተገልብጦ ይታያል። ሬሕማ መኪናውን ዳር አስያዘች፤ ፍሬኑን ሳበች፤ ሞተሩን አጠፋች። ያኔ ነው ድምፁ የመጣው። ወፍ ነው ሁሉም። ሽመላዎች ቅርንጫፍ ላይ ቆመው፣ ሻላዎች እነዚያን ትልልቅ አፎቻቸውን ይዘው በዛፎቹ መሐል እንደ ጀልባ ይንሳፈፋሉ። ከዚህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ርቆ የካርቱም ፎቅ ይታያል።

«ይህ ሁሌም እዚህ ነበር?» አለች ሬሕማ።

«ሁልጊዜ።»

«አሥር ዓመት እኮ ነው ሐጃ።»

«ልክ ነሽ» አሉ ሐጃ። «በዚህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ራሴ መውጣት ሳቆም አንቺም መውጣት እንዳቆምሽ አላሰብኩም።»

አሠሪ እንዲህ ሲል ሬሕማ ሰምታ አታውቅም። ሻይ ቀዳችላቸው።

ሐጃ ሻዩን ይዘው ስለ ኢስሐቅ አወሩ። እዚህ ጫካ ውስጥ እየዞሩ ዛፍ ይቆጥሩ ነበር፤ በቀለም ምልክት ያደርጉ ነበር። ለከሰል የሚቆርጡ ሰዎችን ሲይዙ ከመክሰስ ይልቅ ቁጭ ብለው ያናግሯቸው ነበር፤ ለዚህም አለቃቸው ይቆጣቸዋል። «ምልክቱ አሁን አይገኝም፤ ዛፎቹ ግን ቆመዋል» አሉ። «ሥራው ይታያል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ከጫካው ወጥተው የጀበል አውሊያን አውራ ጎዳና ያዙ። ከላክላ የሚባለው ሰፈር ላይ ገበያው መንገዱን ዘግቶታል፤ የአህያ ጋሪ፣ ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ፣ ሐብሐብ የጫነ መኪና። አንድ የጭነት መኪና ከኋላዋ መጥቶ ክላክሱን ለቀቀባት፤ ሬሕማ ደንግጣ ሞተሩ ጠፋባት። ሁለተኛ ሞከረች፤ ጠፋ። የኋላው ሰው ሁሉ ጮኸ። ሐጃ ትራሳቸውን አስተካከሉ። «ጊዜ አለን» አሉ። ሬሕማ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቢስሚላህ አለች፣ ሞተሩን ሰማችው፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። መኪናዋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ማንም ክላክስ ቢነፋ አልደነገጠችም፤ እንደ ጎረቤት ራዲዮ ትሰማው ነበር።

ሜዳው ረጅም ነው፤ የጡብ ማቃጠያ፣ በርሲም የሚሉት የከብት መኖ ማሳ፣ ፍየል። ከዚያ ተራራው ታየ። ሐጃ በኩራት በምርኩዛቸው አሳዩአት። ሬሕማ አየችው፤ በወሎ ሰው ዓይን ይህ ጉብታ ነው።

«ምን አልሽ?» አሉ ሐጃ።

«ደስ ይላል» አለች።

«እውነቱን ተናገሪ።»

«እኛ አገር በዚህ ላይ ገብስ ይዘራል።»

ሐጃ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከተራራው ሥር ጥላ ፈልጋ አቆመች። ሐጃ መውጣት እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቃሉ። ሐጃ ግን አስበውበት ነበር። ስልካቸውን አወጡ። «ውጪ። ላይ ስትደርሺ ደውይልኝና የምታዪውን ንገሪኝ።»

«እዚህ ብቻዎን?»

«ውኃ አለኝ፣ ምርኩዝ አለኝ፣ ክላክስ አለኝ። ሂጂ።»

ሬሕማ ጫማዋን በስፖርት ጫማ ቀይራ ወጣች። ድንጋዩ ቀይና ጥቁር ነው፤ እግሯ የሚረግጠውን ሳይጠይቃት ያውቀዋል። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ጫፉ ላይ ስትደርስ ነፋሱ ሻሿን ገፈፋት። ደወለች።

«ፊትሽን ወደ ደቡብ አዙሪ» አሉ ሐጃ። «ምን ይታይሻል?»

«ውኃ። ዳር የለውም።»

«ዳር የሌለው ውኃ የለም፤ ፈልጊው።»

ሬሕማ ዓይኗን አጠበበች። «አዎ፣ አለ። ከወዲያ ማዶ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይታያል።»

«እርሻው ነው። ግድቡስ?»

«እዚያ ነው። ረጅም ነው፤ ነጭ ውኃ ከሥሩ ይወጣል። ወፎች እዚያ ተሰብስበዋል።»

«ዓሣው ስለሚደክም ነው። ጀልባ ቁጠሪልኝ።»

«አሥራ ሰባት። አይደለም፣ አሥራ ስምንት፤ አንዱ ሸራው ቡናማ ነው።»

«በኛ ጊዜ ከዚያ ይበዙ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይኖራል፤ ታገኚዋለሽ?» አሉ።

ሬሕማ ዞራ አየች። «ሐጃ፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው።»

«እንግዲያው ከመካከላቸው አንዱ ነው። አንዱ ላይ ተቀመጪ። አትቸኩዪ፤ የሚጠብቅሽ ድስት የለም።»

ስልኩ ተዘጋ። ሬሕማ ተቀመጠች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ቀነሰ። አሥር ዓመት ሙሉ፣ ተቀምጣ እንኳ ጆሮዋ ቆሞ ነበር፤ ማን ጠራኝ፣ ምን ገነፈለ፣ በር ተንኳኳ ወይ እያለች። እዚያ ድንጋይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋ ተቀመጠ። ሐይቁን አየች፤ እስኪበቃት አየች። እናቷ በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ቦታ ቢያሳዩአት ምን ትል እንደነበር አሰበች። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነገር በስሙ አመሰገነች፤ ለእግሯ፣ ለዓይኗ፣ ለሩክሳዋ፣ ለገዛኸኝ፣ ከታች መኪና ውስጥ ለተቀመጡት አሮጊት። ጸሎት ብላ አልጀመረችውም፤ እንዲያው ወጣላት።

ወርዳ ወደ ሐይቁ ዳር ነዳች። እዚህ ላይ ተሳሳተች። ሐጃ ውኃውን በቅርብ እንዲያዩት ብላ ከአስፋልቱ ወጥታ ወደ ዳር ተጠጋች፤ መሬቱ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ግን ጭቃ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ። ነዳጅ ስትሰጥ ይብሱን ወረዱ። ሙቀቱ ጨምሯል። ሐጃ ወርደው ሊራመዱ አይችሉም።

ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መረባቸውን ጥለው መጡ። ከፊት የነበረው ጺሙ የነጣ፣ ጀላቢያው እስከ ጉልበቱ የተጠቀለለ ሰው ነው፤ ዛኪር ይባላል።

«ሾፌሩ የት አለ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ሬሕማ።

ዛኪር አያት፤ ከዚያ ሐጃን አያቸው። «ቁልፉን ስጪኝ፣ ልጄ። እኔ አወጣታለሁ።»

ሬሕማ ቁልፉን ልትዘረጋ ነበር። እጇ በልማድ ሄደ። ሐጃ ምርኩዛቸውን ይዘው ውኃውን ነው የሚያዩት። ሬሕማ እጇን መለሰች።

«እናንተ ግፉልኝ፤ እኔ እነዳለሁ» አለች።

ሰዎቹ ተያዩ። ዛኪር ትከሻውን ነቀነቀና፣ «ያላ፣ ገፍተን እንይ» አለ። ያረጀ ጆንያና የተቆረጠ ሸምበቆ አምጥተው ከጎማዎቹ ፊት አስገቡ። ሬሕማ ሁለተኛ ማርሽ አስገባች፤ ገዛኸኝ፣ ጭቃ ላይ ኃይል ጠላት ነው ብሏት ነበር። ነዳጁን እንደ ጨው ቆንጥራ ሰጠች። ሞተሩ አቃሰተ፤ ቀነሰችለት። ጎማው ጆንያውን ያዘ፤ ተንሸራተተ፤ ደግሞ ያዘ። መኪናዋ ተንፏቃ ወጣች፤ ዛኪርንም ከጀላቢያው እስከ ጺሙ ጭቃ አለበሰችው።

ሬሕማ ደረቅ ቦታ አቁማ ይቅርታ ልትጠይቅ ሮጠች። ዛኪር ፊቱን እየጠረገ ይስቃል። «አርባ ዓመት ከዚህ ውኃ ዳር ስኖር ሴት ስታጠምቀኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ የቆሮሶ ዓሣ በሽቦ አንጠልጥሎ አመጣ። አንዱን እዚያው ሚስቱ ጠበሰችላቸው፤ ሁሉም በአንድ ትሪ በሉ። ሐጃ ከመኪናው ሳይወርዱ በመስኮት እየበሉ፣ ዛኪር ስለ ሐይቁ የሚሳሳተውን ሁሉ ያርሙት ነበር። ሁለተኛውን ዓሣ ለገዛኸኝ ብላ ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ዐርብ ዐርብ መውጣት ልማድ ሆነ። የኋላው ወንበር ባዶ መሄዱ ስለማይገባ፣ ሐጃ ራሳቸው፣ «የአገርሽን ልጆች ጥሪ» አሏት። አሚና መጣች፤ ካፉሪ ሌላ ቤት የምትሠራ የደሴ ልጅ። ራሔል መጣች፤ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ በጾም ቀን የራሷን ምሳ ይዛ። አንዳንዷ ጫካውን አይታ ታለቅሳለች፤ አንዳንዷ እንቅልፍ ወስዷት ነፋስ እየነካት ትመለሳለች። ሐጃ ሁሉንም ጂኦግራፊ ጠየቋቸው።

ያ መኸር አለፈ፤ በሚያዝያ፣ በረመዳን መጨረሻ ጦርነቱ ተጀመረ። ስለዚያ ሬሕማ ብዙ አታወራም፤ እኔም ብዙ አልጠየቅኋት። ካፉሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሐሉ ላይ ወደቀ። መብራት ጠፋ፤ ውኃ ጠፋ። ዒድ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ተኩሱ ሲያርፍ ሬሕማ ሐጃን አቅፋ መኪና ውስጥ አስገባች፤ አሚናን ከጎረቤት ጠራች፤ ድልድይ ሳይነኩ በወንዙ ምሥራቅ ዳር፣ በሩፋዓ ከተማ አድርገው ወጡ። መንገዱን በካርታ ሳይሆን በቃላቸው የመሩት ሐጃ ናቸው። አንድ ኬላ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወጣት አስቁሟቸው መኪናዋን ዞሮ አያት፤ የተላለጠውን ጣሪያ በእጁ መታ መታ አደረገ። «ይህን ቆርቆሮ ማን ይፈልገዋል» አለና አሳለፋቸው። ሬሕማ እስከ ዛሬ ድረስ አሮጌ መኪና ሲሰደብ አትወድም።

በሁለተኛው ቀን ገዳሪፍ ገቡ። በወሩ ተውፊቅ በፖርት ሱዳን በኩል መጥቶ እናቱን ወደ ዶሃ ወሰደ። ገዳሪፍ ሊረከባቸው ሲመጣ መጀመሪያ ያናገረው እናቱን አልነበረም። ሬሕማ ፊት ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ሞኝ ነበርኩ» አላት። «ያን ጊዜ በስልክ ያልኩትን ሰምተሻል፣ አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ሻይ ይዤ ቆሜ ስለነበር ነው የሰማሁት» አለች ሬሕማ። «ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ረሳሁት።»

ሐጃ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ምስክር ጠርተው፣ በዚያ በአስተማሪ እጅ ጽሕፈታቸው፣ መኪናዋ የሬሕማ መሆኗን ጻፉላት። ሬሕማ አልፈልግም ብላ ስታስቸግር፣ «ስጦታ አይደለም፤ የቀረኝን መንገድ እንድትነጂልኝ ነው» አሏት።

አሁን ሬሕማ ገዳሪፍ ነች። ከካርቱም የተፈናቀሉ ሴቶችን፣ ሱዳናዊ ሳትል ኢትዮጵያዊ ሳትል፣ ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፤ ወላድ ስትሆን ከፊት ታስቀምጣለች። ገዛኸኝ አምጃዱን ካርቱም ጥሎ በእግሩ ነበር የወጣው፤ እዚሁ ገዳሪፍ ውስጥ ጋራዥ ተቀጥሮ ነጯን መኪና ያለ ክፍያ ይጠግንላታል። አሚና ባለፈው ወር ሩክሳ አወጣች፤ ያስተማረቻት ሬሕማ ናት። ሐጃ በቱል ሰባ ሰባት ዓመታቸውን ደፍነው ዶሃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ካርታ ያስነብባሉ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ገዳሪፍ ውስጥ፣ የሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር እስክትወጣ ስንጠብቅ ነው። ካርቱም ትመለሻለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ኢንሻአላህ» አለች፤ ከዚያ መስኮቱን በጨርቅ መወልወል ቀጠለች። ነፍሰ ጡሯ በእህቷ ትከሻ ተደግፋ ብቅ ስትል፣ ሬሕማ ጨርቁን ወርውራ በሩን ልትከፍትላት ሄደች።